«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ የዕድራችን አባላት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ በምርኩዝ ወርዳችሁ እዚህ የተገኛችሁ እናቶችና አባቶች፤

እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ መርሳት በሽታ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ በማስተማር ነው። ስለዚህ ስለ አንጎል የማውቀውን ጥቂት ነገር በየመሀሉ ጣል እያደረግኩ፣ ዋናውን ጊዜ የምሰጠው ለአንደበታችን ነው። ምክንያት አለኝ። ይህን በሽታ ከሐኪም በፊት የምናየው እኛ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ነን። ያየነውን የምንጠራበት ቃል ደግሞ ሰውዬው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ጠበል፣ ወይም በሩ ከውጭ ወደሚቆለፍበት ክፍል።

የምንለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «አባባ ጃጅተዋል።» «እማማ ልጅ ሆነዋል።» «ነገር ይምታታባቸዋል፣ ይቀባዥራሉ።» ከበድ ሲል «የሰው እጅ አለበት» እንላለን። ሌሊቱን ሙሉ ሳያስተኙን ያደሩ እንደሆነ ደግሞ፣ በንዴት፣ «ተዋቸው፤ አውቀው ነው የሚያስቸግሩን»።

ከእነዚህ ሁሉ የምጣላው ከመጀመሪያው ጋር ነው። «ጃጅተዋል» ወሬ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። ሞክሩትና እዩ። ነገ ጠዋት ለጎረቤታችሁ «እማማ ታመዋል» በሉ። ወዲያው ጥያቄ ይዘንባል። ምን አገኛቸው? መቼ ጀመራቸው? ሐኪም አያቸው? እህል ይቀምሳሉ? ከሰዓት በኋላ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣ አይጠፋም። በማግስቱ ደግሞ ለሌላው «እማማ ጃጅተዋል» በሉ። «እህ፣ ዕድሜ ነዋ፤ እግዜር ይሁናቸው» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብርቱካንም የለም። የታመመ ይጠየቃል፤ ጃጀ የተባለን ሰው ማን ሊጠይቅ ይሄዳል?

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰዓታችሁን አልወስድባችሁም ነበር። የሕይወት ጉዳይም ነው። እሑድ ደኅና የነበሩ እናት ረቡዕ ልጃቸውን ካልለዩ፣ የሌለ ሰው ካነጋገሩ፣ ቀን ተኝተው ሌሊት ከተነሡ፣ ይህ እርጅና አይደለም። እርጅና በሦስት ቀን አይመጣም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ የውኃ ጥም እንኳ አረጋዊን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። በአስቸኳይ የሚታከም ነገር ነው፤ ሳይታከም ከቆየ ግን ሊገድል ይችላል። ደግሞ ደረጃችንን አስቡት። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አባት ወድቀው ጭንቅላታቸውን መቱ እንበል። ቁስል የለም፣ ደም አልፈሰሰም፣ ተረሳ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ይፈዝዛሉ፣ ቃል ይጠፋቸዋል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ይህ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ደም። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ሁሉም የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ጆሮ መክበድም አለ። ያልሰሙትን ጥያቄ በግምት ስለመለሱ ብቻ ጃጁ የተባሉ ስንት አሉ! «ጃጅተዋል» ስንል እነዚህን ሁሉ በሮች በአንድ ቃል ነው የምንዘጋቸው።

እውነተኛው በሽታም ቢሆን የአንጎል በሽታ እንጂ የዕድሜ ሌላ ስሙ አይደለም። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ብዙ ሕመሞችን የሚያቅፍ የወል ስም ነው፤ ዋናው አልዛይመር ሲሆን ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው እሱ እንደሆነ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ እንዳለባቸው ገልጿል። ከእነሱ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ ብንተወው ደስ ይለኛል።

ስለ አልዛይመር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከንግግሬ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባሉ ሴት ገቡ። ዕድሜያቸው 51 ነበር፤ አሮጊት አልነበሩም። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠይቃል፣ የመለሱለትን ቃል በቃል ይጽፋል። ስምዎ ማነው? አውጉስተ። የባለቤትዎስ? አውጉስተ። ምሳ ላይ የአሳማ ሥጋ በአበባ ጎመን እየበሉ ምን እንደሚበሉ ቢጠይቃቸው፣ ስፒናች አሉት። እሱንም ጻፈው። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መረመረ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያየውን ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ፤ በሽታው ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያ የሕክምና መዝገብ ደግሞ ጠፍቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. እዚያው ፍራንክፈርት ተገኘ። እኔን የሚገርመኝ ማይክሮስኮፑ አይደለም፤ ደብተሩ ነው። በዚያ ዘመን «የአእምሮ ድካም» ብሎ በአንድ ቃል መዝገቡን መዝጋት ይችል ነበር። እሱ ግን የበሉትንና ያሉትን ጻፈ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። «የመርሳት በሽታ» የሚለው ስያሜ ከ«ጃጀ» በብዙ ይሻላል፤ ቢያንስ በሽታ መሆኑን ይናገራል። ግን እሱም ጎደሎ ነው፤ የሚረሳ ሰው ብቻ እንድንፈልግ ያደርገናል። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ የረሳ ጎልማሳ ሁሉ ሲደነግጥ፣ ምንም ያልረሱ የሚመስሉት አባት ግን ባሕሪያቸው ተለውጦ ቤቱን ሲያምሱት ማንም በሽታ ነው አይልም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቤት ሠራተኞች ነገር ነው። እማማ ብራቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ከዚያም ለጥንቃቄ ብለው ፈትተው የምጣድ ክዳን ሥር ይሸሽጉታል። የሸሸጉበት ይጠፋቸዋል። ብር ከጠፋ ሌባ አለ፤ ሌባው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ከገጠር የመጣችው ልጅ ቦርሳዋ ተበርብሮ፣ ስሟ ጠፍቶ፣ የወሯን ደመወዝ እንኳ ሳትቀበል ትባረራለች። ብሩ ከወር በኋላ ይገኛል። ልጅቷ ግን አትገኝም። ሌባ አለ የሚል ጥርጣሬ ከዚህ በሽታ የተለመዱ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ስሙ «የመርሳት በሽታ» ስለሆነ ግን ማንም አይጠረጥረውም። «እማማ ክፉ ሆኑ» ነው የምንለው።

ቃል በሕመምና በእርጅና ዙሪያ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በቤተ መንግሥታችን ታሪክም ይታያል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተደጋጋሚ ስትሮክ ተመቱ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ማዘዝ ቀጠሉ፣ መኳንንቱም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። አገር ሙሉ ለዓመታት በዝምታና በሹክሹክታ ነው የኖረው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ፣ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ የ82 ዓመቱ ንጉሥ በዕድሜያቸው የተነሣ በአካልም በአእምሮም ኃላፊነታቸውን መወጣት እንደማይችሉ ነበር። ዕድሜ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ስለ ሥርዓቱ ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን፣ እኔ የምመረምረው ቃሉን ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜ ሕመምን በዝምታ ሸፈንን፣ ሌላውን ጊዜ እርጅናን ለመሻሪያ አዋልነው።

ይህ የነገሥታት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኮንዶሚኒየም ካርታ ስም ማዛወር ሲመጣ፣ የጡረታ ደብተር ማን ይያዝ ሲባል፣ ወንድምና እህት ሲካሰሱ፣ «እሳቸውማ ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰውን በሕመም ምክንያት ንብረቱን ከማስተዳደር የሚከለክለው ፍርድ ቤት ነው ይላል። የጎረቤት ወሬ አይደለም፣ የታላቅ ልጅ ውሳኔም አይደለም። ደግሞም በበሽታው መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነገር መወሰን ይችላል፤ ማን እንዲያስታምመው፣ ቤቱ ለማን እንዲሆን። ያኔ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ያኔ ደግሞ እኛ «ትንሽ ዘንጋ አሉ» ብለን የምናልፍበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ «ልጅ ሆነዋል» ልለፍ። ይህን ቃል ሙሉ በሙሉ ለመኮነን አልደፍርም። ከሁሉም ርኅራኄ ያለው እሱ ነው፤ የሚያስታምም ሰው ትዕግሥት ሲያልቅበት «ልጅ ናቸው እኮ» ብሎ ራሱን ያጽናናበታል። ግን አንድ የሰዋስው መምህር ጆሮው የሚይዘው ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣ «እማማ በሉ፣ ታጠቡ፣ ተኙ» ይባል የነበረው፣ ከተወሰነ ወር በኋላ «አበላናት፣ አጠብናት፣ አስተኛናት» ይሆናል። አንቱታው ወደቀ። እናቱን በፍቅር «አንቺ» የሚል ብዙ ልጅ አለ፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ያ ሌላ ነው። የማወራው ዕድሜ ልኳን አማቷን «እሳቸው» ስትል ኖራ፣ በሽታው ሲመጣ «እሷ» ማለት ስለጀመረች ምራት ነው። የማወራው ጎረቤት ሆኖ «አንቱ» ሲል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ «እንዴት ናት አሮጊቷ?» ሲል ስለሚሰማው ነው። ግሱንም ተመልከቱ። «በሉ» ሲባል እማማ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነበሩ፤ «አበላናት» ሲባል ተሳቢ ሆኑ። በሰዋስው ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ለውጥ ነው። በቤት ውስጥ ግን ባለቤትነት ሲወሰድ ከዓረፍተ ነገር ብቻ አይወሰድም። ሻይ ወይስ ቡና ብሎ የሚጠይቃቸው ይጠፋል፤ ነጠላቸውን ሌላ ሰው ይመርጣል፤ ቴሌቪዥኑ ሌላ ሰው በፈለገው ጣቢያ ላይ ይውላል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሰው ስለራሱ የሚወራውን ሳይሰማ የሚቀር ነውና። የእኛዎቹ አረጋውያን ግን ይህም ቀርቶባቸዋል። እፊታቸው ተቀምጠን፣ ቡና እየጠጣን፣ ትናንት ልብሳቸው ላይ ያደረጉትን ለጎረቤት እንተርካለን። ቃሉን ላይከተሉት ይችላሉ። ሳቁን ግን ይለያሉ፤ የሐፍረት ስሜት ከቃል በኋላም ብዙ ጊዜ ይቆያል። እንግሊዛዊው ቶም ኪትዉድ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሕመምተኛውን የሚጎዳው የአንጎሉ መድከም ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሰው አያያዝም እንደሆነ በሰፊው ጽፏል፤ እንደ ሕፃን መቆጣትን፣ እንደሌለ ሰው ማለፍን አንድ በአንድ ቆጥሮ። ማንበብ የሚችል ያንብበው። ለእኛ ግን ከመጽሐፉ የሚቀርበን «አንቱ» ነው። በሽታው የሚያጠፋው ብዙ ነገር አለ፤ አንቱታን የምናጠፋው ግን እኛ ነን።

ቀን ስለመጠየቅም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ስልክ ላይ ያዩትን ፈተና ይዘው «እማዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላሉ። እማዬ «የገብርኤል ማግስት» ይላሉ። ልጅ ስልኩን ያያል፣ በፈረንጅ ቀን ሌላ ቁጥር ያያል፣ «አየሽ፣ ጠፍቶባታል» ይላል። የገብርኤል ማግስት እኮ ወር በገባ በ20 ነው፤ መልሱ ልክ ነው! ሌላዋ እናት «ገና ዙሁር አልደረሰም» ቢሉ ሰዓቱን አውቀውታል። ሰውን በማያውቀው ካላንደር ፈትነን መጣል ፈተና አይባልም።

አሁን ወደ ገላን የራሷ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ሰፈራችንና በአካባቢያችን ብዙ አረጋውያን ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች በዕጣ የመጡ አሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማቱ ከካዛንችስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ካዛንችስ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ እናት የዑራኤልን ደወል ሰምተው ይነሡ ነበር፤ የጉሊት ሴቶቹን በስም ያውቃሉ፤ ቤታቸውን በእግራቸው እንጂ በቁጥር አያውቁትም። እዚህ መጥተው ብሎኩ ሁሉ አንድ መልክ፣ ደረጃው ሁሉ አንድ ደረጃ፣ በሩ ሁሉ አንድ በር ሆነባቸው። ማታ ማታ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ልጆች «ይሄው ቤትሽ! እዚህ ነው ያለሽው!» ብለው ይሟገታሉ። ጎረቤት «ለየላቸው» ይላል።

እስቲ ማን ነው የተሳሳተው? ቤታቸው እኮ በእርግጥ ሌላ ቦታ ነበር። የመርሳት በሽታ የቅርቡን ቀድሞ ይወስዳል፣ የሩቁን ያቆያል፤ ስለዚህ ትናንት የተገባበት ስቱዲዮ ቤት ሲጠፋ የዱሮው ግቢ ደምቆ ይቀራል። የቦታ ለውጥ ደግሞ በሽታው ያለበትን ሰው በጣም ያደናግራል፤ ለዓመታት ሰፈሩ ደግፎት የኖረ ጉድለት ሰፈሩ ሲነሣ ድንገት ይገለጣል። «ቤቴ» የሚሉት ሁልጊዜ አድራሻ ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ቤት ሰው ይፈልጋቸው ነበር፣ ቡና ያፈሉ ነበር፣ የሚገባ የሚወጣ ነበር። መልሱ ሙግት አይደለም። «ቤትዎ ውስጥ ማን ማን ነበር? ቡናውን ከማን ጋር ነበር የሚጠጡት?» ብሎ መቀመጥ ነው። አንዳንዴ ጀበናውን ማውጣት ይበቃል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ሙግት ግን ሠርቶ አያውቅም።

ሙግት ያልበቃ እንደሆነ ደግሞ በር ይከፈታል፣ እማማ ይወጣሉ። ያኔ «ባዘኑ» እንላለን። አልባዘኑም፤ ወደ ካዛንችስ እየሄዱ ነው። በማግስቱ መብራት እንጨት ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ አፋልጉን። እነዚያን ወረቀቶች አንብባችኋል? «ዕድሜያቸው 74፣ መልካቸው ጠይም፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ የለበሱ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ጫማ፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ከብሎካቸው እንደወጡ ያልተመለሱ፣ የልጅነት ስማቸውን ሲጠሯቸው የሚመልሱ።» እንዴት ያለ ጥንቁቅ አማርኛ ነው! ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ የጫማ ቀለም አለ፣ ምን ቢሏቸው እንደሚመልሱ አለ። አንቱታውም ተመልሷል። ይህን ሁሉ መጻፍ የሚችል ቤተሰብ ከስድስት ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተናገረው አንድ ቃል ነበር፦ «ጃጅተዋል።»

ስም መለወጥ ብቻውን ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። ግን ሕዝብ ቃሉን ሲለውጥ ነገሩም እንደሚንቀሳቀስ እኛም አይተናል። «ቆማጣ» የሚለው ስድብ ነበር፤ ዛሬ ራዲዮ ላይ የሚሰማው «የሥጋ ደዌ ተጠቂ» ነው። ኤች አይ ቪ ሲመጣ «ያ በሽታ» እያልን በሹክሹክታ ጎረቤት ቀበርን፤ በኋላ «ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች» ማለት ለመድን፣ ሰውም ወጥቶ መመርመር ጀመረ። በጃፓን ደግሞ ለዚህ ለራሱ ለዲሜንሺያ ይጠቀሙበት የነበረው ስም ጅልነትንና መደንዘዝን የሚገልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ስሙን በይፋ ቀየረው። በቀጣዩ ዓመት ተራው ሰው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የሱቅ ሻጩ፣ ተማሪው አጭር ሥልጠና እየወሰደ ደጋፊ እንዲሆን ተጀመረ፤ እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ሠልጥኗል። ስም መቀየሩን ሥልጠና ባይከተለው ኖሮ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ምዕራባውያን ጋዜጦች በሽታውን «ሱናሚ»፣ ሕመምተኛውን «ሕያው ሙት» ሲሉ ይሰማል። እነዚህን ተርጉመን እንዳናመጣቸው አደራ። ጎርፍ መጣ የተባለ ሰው በሩን ይዘጋል እንጂ እጁን አይዘረጋም።

ስለ ጠበልና ስለ ጸሎት ዝም ብል አለፈ ትሉኛላችሁ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ቁርአን የሚያስቀራ ያስቀራ፣ የሚጸልይ ይጸልይ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሲናገሩ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለዋል፤ ለእኔ ይበቃኛል። የምቃወመው «የሰው እጅ አለበት» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም የሰው እጅ ከተባለ እጁ ይፈለጋል፣ ብዙ ጊዜም የሚገኘው በምራት፣ በሠራተኛ ወይም ምንም በማታውቅ ጎረቤት ላይ ነው።

ታዲያ ያለ ዘይቤ እንናገር ማለቴ ነው? አይደለም። ዘይቤ ከባለቤቱ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። ከአቃቂ ፋብሪካዎች ባንዱ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ አባት፣ በሽታው እንደጀመራቸው ያወቁ፣ ለልጆቻቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «ጣቢያው ይገባል፣ ይወጣል። ሲገባ አዋሩኝ። ሲወጣ ጠብቁኝ፤ ሬዲዮኑን አትምቱት።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም። ሰዓት አለው፣ መመሪያ አለው፣ ሰውዬው ውስጥ እንዳሉ ይናገራል። እኛ ግን የእሳቸውን ቃል መጠየቅ ትተን የራሳችንን ስም እንለጥፍባቸዋለን።

«ካረጁ አይበጁ» ለሚሉም አንድ ነገር ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች ዘገባ፣ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ የሚሆነው በዕድሜ ዘመን ሁሉ 14 ነገሮችን በመከላከል ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላል። ከእነሱ መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ብቸኝነት አሉ። እዚህ የተቀመጥን ጎልማሶች ግፊታችንን ከለካን ስንት ጊዜ ሆነን? አራተኛ ፎቅ ላይ ሳይወርዱ የሚከርሙ ስንት አረጋውያን እንዳሉስ ማን ያውቃል?

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ሰው ነገር ካሳሰባችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ የልጅ ደብተር አውጡና እንደ አፋልጉን ወረቀቱ ጻፉ። «ከጥምቀት ወዲህ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቡና ላይ አራት ጊዜ ይጠይቃሉ። በዐቢይ ጾም ሽሮ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመሩ፤ ዱሮ እጃቸው የታወቀ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ከገበያ ሲመለሱ ብሎኩ ጠፋቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ባለፈው ወር ደረጃ ላይ ወድቀዋል።» ይህን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ደብተር አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዷቸው። ካስፈለገ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የአልዛይመርን በሽታ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚታከመውን ከማይታከመው መለየት ግን አለ፣ የሚያስታምመውንም ማገዝ አለ።

ለዕድራችን ኮሚቴም አንድ ጥያቄ አለኝ። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለን፤ ሁሉም የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን በሕይወት ሳሉ በየብሎኩ ተራ ገብተን እንድንጠይቅ፣ አስታማሚዋም ለሁለት ሰዓት ገበያ ደርሳ እንድትመለስ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ።

ጨርሻለሁ። አሁን ጥያቄና አስተያየት ነው፤ ማይኩ መጀመሪያ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ወደ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይሂድ። ልጆቻችሁ አይመልሱላችሁ፤ እናንተው ተናገሩ።